አትሮንስ የመሰለው ማቆሚያ

በቀደም ቁም ሣጥን ላሠራ ብዬ ጎንደር አንድ እንጨት ቤት ገባሁና ከአናጢው ጋር ተጨቃጨቅን። እሱ «ጽድ ነው» ይላል፣ እኔ «ባሕር ዛፍ ነው፣ ቀለም ቀብተህ አታሞኘኝ» እላለሁ። «እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ እንጨት በምን ያውቃሉ?» አለኝ እየሳቀ። «የአናጢ ልጅ ነኝ። አፍንጫዬ ካንተ ሜትር ይበልጣል» አልኩት። ሊረታኝ ፈልጎ ከጥግ የእውነት ጽድ አነሣና መላጊያውን ገፋበት። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ሽታው ተነሣ። ከዚያ በኋላ የተከራከርኩት ነገር የለም። በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝና «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? በዚያች ሽታ ውስጥ ወንድሜ ሙሉቀን ቁጭ ብሎ ነበር። ለማያውቀው ሰው ከየት ጀምሬ ልንገረው?

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቤታችን ደባርቅ ነበር፤ አባቴ ታደለ አናጢ ነው። በበጋ ደጅ፣ ዳሱ ሥር ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ግን መጋዙንም መሮውንም ይዞ ቤት ይገባና እኛም ከፍቅፋቂ ጋር እንበላለን፣ ከፍቅፋቂ ጋር እንተኛለን። ደባርቅ በነሐሴ ሰማይ የሚባል ነገር የላትም። በር ሲከፈት ጉሙ እንደ ዘመድ ሰተት ብሎ ይገባል። እማዬ «ዝጊው፣ ዝጊው! ይኼን ሁሉ ጉም ማን ይቀልበዋል?» ትለኛለች።

ሙሉቀን ከግንባር የመጣው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። እማዬ በሩ ላይ እልል ብላ ሳትጨርስ የኮቱ ቀኝ እጅጌ ባዶውን ሲወዛወዝ አየችና እልልታውን አቋረጠች። እጁ ከክርኑ በታች የለም። እኔ አፈ ፈጣኗ፣ ማንም ደፍሮ ያልጠየቀውን «ጋሼ፣ እጅህስ?» አልኩት። «እዚያው ትቼው መጣሁ» አለኝ። ሰው ዱላውን ሰው ቤት ረስቶ እንደሚመጣው ነው የመሰለኝ። እንዲህ ያለ ዝንጉ! አንድ ቀን ሄዶ ያመጣዋል ብዬ ነገሩን ተውኩት።

ከመዝመቱ በፊት ሙሌ በወንጭፍ የታወቀ ነበር። የአጎቴን ገብስ ጭላዳ ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው ሲጠብቅ ድንጋዩን ከመንጋው ፊት ፊት እያሳረፈ ይመልሳቸዋል እንጂ አንዱንም አይመታም። «መመለስ ከቻልኩ መምታቱ ምን ይሠራልኛል? ነፍስ ነው» ይል ነበር። ከመጣ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ጠያቂ ሲመጣ፣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሲሉት፣ «አሜን» ይልና ተመልሶ ይዞራል።

አንድ ማታ እራት ላይ ድንገት ተናገረ።

«መስከረም ሲጠባ ቆላ እወርዳለሁ። ለሰሊጡ አጨዳ ሰው ይፈልጋሉ።»

እማዬ እጇ ትሪው ላይ ቀረ። «በምን እጅህ ልታጭድ?»

«ዘበኛ እሆናለሁ። ለማፏጨት እጅ አያስፈልግም።»

«ሙሌ፣ እግዜር አንዴ ከሞት አፍ መልሶልኛል። ቆላ ከወረደው ልጅ ስንቱ ተመለሰ? እስቲ ቁጠርልኝ!»

«እዚህ ተኝቼ እናንተ ስታጎርሱኝ ልኑር እንግዲያ?»

አባቴ ሲያስብ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። «እዚህ ሥራ ብታገኝ ትቀራለህ?» አለው። ሙሌ ትከሻውን ነቀነቀ። «ባገኝማ ምን ፈለግሁ።»

የዚያን ማታ ነው ዳርት የሚባለውን ጨዋታ ያነሣው። ቁስሉን ሲታከም በቆየበት ከተማ አንድ ሰው ገበያ ዳር ክብ ክብ የተሣለበት ሰሌዳ አቁሞ ያስወረውር ነበር። ሚስማር በላባ አስሮ ይሰጥሃል፤ መሐሉን ከመታህ ሳሙና ወይም ብስኩት ይደርስሃል፤ ከሳትክ ሳቅ ይደርስሃል። ሰው እንዴት ይጋፋበት እንደነበር ሲነግረን ፊቱ በራ። «ችግሩ ማቆሚያው ነው» አለ። «ታጥፎ በትከሻ የሚያዝ፣ በአንድ እጅ የሚዘረጋ መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ ማንንም ሳላስቸግር ዳባት ውዬ፣ አምባ ጊዮርጊስ ውዬ፣ ማታ እቤቴ እገባለሁ።»

«ማታ እቤቴ» የምትለዋን እማዬ ለቀም አደረገቻት። ማልዳ ተነሥታ አባቴን «ሥራለት። የሰው በር፣ የሰው መስኮት ይቆይ፤ ይኼን ሥራለት። ይኼ ነገር ከተሳካ ልጄ አይሄድም» አለችው። እኔም ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም።

የመጀመሪያው ማቆሚያ አራት እግር ነበረው፤ ለመዘርጋት ሁለት እጅ ፈለገ። ሁለተኛው መቀርቀሪያ ተበጅቶለት በአንድ እጅ ሲከፈት ይንሸራተትና ይወድቃል። አባቴ ቀኝ እጁን ቀበቶው ውስጥ ወትፎ በግራው ብቻ ሊዘረጋው ይታገላል። እኔ ጨዋታ መስሎኝ የራሴንም እጅ ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ አብሬው እታገላለሁ፤ እስቃለሁም። አንዱን ቀን እንጨቱ አምልጦት አውራ ጣቱን ሲመታው «አንተ እርጉም!» ብሎ ጮኸና ወደ ጓሮ ወጣ። ጣቱን ያን ያህል ያመመው መስሎኝ ቅቤ ይዤ ተከተልኩት። ዝናብ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ጣቱንም አልሰጠኝ።

መፍትሔው የተገኘው ከገዛ እጁ ነው። አባቴ ለየአድባራቱ አትሮንስ ይሠራል። ቄሶች ሲቀድሱና ሲያነቡ መጽሐፉን የሚያስቀምጡበት፣ እንደ መቀስ ተጣጥፎ የሚዘረጋ ማቆሚያ ነው። አንዱን እግሩን በእግርህ ረግጠህ ሌላውን ሳብ ካደረግከው ይቆማል። «ወይ እኔ!» አለ ግንባሩን መትቶ። «እጄ እያወቀው ራሴ ይደክማል!» ጽዱን አጋደመና ረጅም አድርጎ፣ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ አትሮንስ ሠራ። በላዩ ሰሌዳው ገባ፤ የዋንዛ ሳንቃ ላይ የተደራረበ ካርቶን ነው። ክቦቹን በሚስማርና በክር ሲያዞር ሚስማሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሙሌ ተነሣ። በእግሩ ረግጦ በግራ እጁ ሳበው፣ ቆመለት። አጠፈው፣ ዘረጋው፣ አጠፈው። «እማ፣ እይው!» ይላል እንደ ልጅ። እማዬ ደስታው አላስቀምጥ አላት። በመንገድ አቧራ እንዳይበላው ብላ ድሮ ተሰብሮ የቀረውን የሬዲዮናችንን ልብስ፣ ቢጫ ዘርፍ ያለውን ቀይ ከፈይ፣ ከሣጥን አውጥታ ለሰሌዳው መሸፈኛ ሰፋችለት። ሲጫወቱ ወደ ኋላ ይገለበጥና በሰሌዳው ጀርባ ይወርዳል። ሙሌ ደግሞ ፀሐይ ካርቶኑን እንዳያጥፈው አንድ ትልቅ ባለ ቀለም ጃንጥላ ገዝቶ ከላዩ አሰረበት። ሁላችን የየድርሻችንን አዋጣን።

የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስ የዚያን ሰሞን ዝናብ አባረራቸውና ገቡ። ማቆሚያው ከነከፈዩና ከነጃንጥላው በር ሥር ቆሞ አዩት። ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ፣ «አንተ ታደለ፣ ልሳለመው ነው እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ እንኳ ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኔ ይህን ተረት የሚተርት ሰው ሳይ ዛሬም እጠላዋለሁ፣ እውነት ስለሆነ።

በጳጉሜን ደባርቅ ገበያ ላይ ተዘረጋ። ሰው ጉድ አለ! ገበሬው ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይወረውራል፣ ተማሪው ይወረውራል፣ ለተራራው የመጡ ፈረንጆች ሳይቀሩ ተሰልፈው ወረወሩ። እኔ የወደቁትን ባለ ሚስማር ላባዎች ለቅሜ አመጣለሁ። ከሁሉ የምወደው ሙሌ «እንዲህ ነው!» ብሎ በግራው ሲያሳይ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይስት ነበር፤ በመስከረም መሐሉን ከመታ ሰው ያጨበጭብለታል፣ እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ማታ እየበላ ስለ ገበያው ያወራል። ግድግዳው ተረሳ። እማዬ ጓዳ ገብታ ስለት ስትሳል ሰምቻታለሁ፦ «እመቤቴ፣ እንዲህ አድርገሽ ብቻ አቆዪልኝ።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው ዳባት የሄድነው። ሙሌ ገበያው ዳር፣ ከአንድ አጥር አጠገብ ዘረጋው። ወደ ረፋዱ ጨዋታው ሞቅ አለ። እኔ ከወርዋሪዎቹ ጎን ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ሲወረውሩ እንዳልጠጋ ሙሌ አጥብቆ ነግሮኛል። አንድ ወጣት ላባውን አነሣ፣ አንድ ዐይኑን ጨፈነ።

እንግዲህ በአገራችን የምናውቀው ነገር አለ። ደብር ሲሠራ፣ በየገበያው ዳር ሥዕል አትሮንስ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከፈይ ያለብሱታል፤ ጃንጥላ ይዘረጉለታል። የሚያልፍ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይሳለማል፣ የቻለውን ይጥላል። እማሆይ ትርንጎ ይባላሉ፤ ቆብ የጫኑ አሮጊት ናቸው። አንዱ ዐይናቸው አስቀድሞ በሞራ ጠፍቷል። በአጥሩ በኩል፣ ከማቆሚያው ኋላ መጡ። ከፈዩን አዩ፣ ጃንጥላውን አዩ፣ የአትሮንሱን እግር አዩ። ከነጠላቸው ጫፍ ሳንቲማቸውን ፈቱ። በጎኑ ዞረው ጎንበስ ብለው ሳሙትና ፊታቸውን ወደ ወርዋሪዎቹ አድርገው ቀና አሉ።

ላባው ከወጣቱ እጅ ወጥቶ ነበር።

ጩኸቱን የጮኹት እሳቸው አልነበሩም። ሙሌ ነው። ሰዎቹን ገፍቶ ደረሰ፣ በአንድ ክንዱ አቀፋቸው፣ «እናቴ! እናቴ!» ይላል፤ ደሙ በነጠላቸውና በሸሚዙ ላይ ይወርዳል። እሳቸው የተመቱትን አላወቁም። «ምን ሆንኩ ልጄ? የቷ ማርያም ናት? ምን አጠፋሁ?» ይሉ ነበር። ማርያም የቀጣቻቸው መስሏቸው ነው።

ከዳባት ጤና ጣቢያ ወደ ጎንደር ላኳቸው። የተመታችው ዐይናቸው አልዳነችም። የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነበረች።

ወሬኛ መቼ ጠፍቶ! «አትሮንስ ለቁማር አዋለው፣ የእግዜር ቁጣ ነው» ያለ አለ። አፉ ይያዝለትና! የእግዜር ቁጣ ከሆነ ለምን የተሳለሙትን አሮጊት ይመታል? አባቴ ግን ሰማ። መላጊያውን ሰቀለ። «ዐይኔ ከልክ በላይ ለምዶት አትሮንስ መሆኑን አላየሁትም» ይል ነበር ለራሱ። አባ ኪሮስም መጥተው «እኔ አይቼው ሳቅሁ፤ የኔ ይብሳል» አሉት።

አንድ ማለዳ አባ ኪሮስ ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ቤታችን መጡ። ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል። እማሆይ ትርንጎን ሰው እየመራቸው መጣ። ሙሌ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲወጣ አባቴም ሌላ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ አደረገና አጠገቡ ተንበረከከ። «የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ የሁለቱንም ድንጋይ አወረዱ። ከዚያ የሙሌን ጭንቅላት ፈልገው አገኙ።

«ልጄን አታስጨንቁብኝ። እኔ የሳምኩት ለእግዜር ብዬ ነው። ለእግዜር የሰጡት አይጠፋም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ «ይቅር ለእግዜር» አስባሉ። የጨመሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያ ዕቃ ዳግመኛ አደባባይ እንዳይቆም። ሙሌ ራሱ መጥረቢያውን አምጥቶ ለአባቴ ሰጠው። ጽዱ ሲፈለጥ ቤቱ እንደገና ያንን ሽታ ሸተተ። እኔ እንደ ቂል ደስ አለኝ፤ ዕርቅ ወርዷል፣ ሁሉም ተቃቅፎ ተሳስሟል፣ እንግዲህ ምን ቀረ?

ሙሌ ቀረ እንጂ። ያን ማታ እማዬ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ይቅር አሉህ እኮ! በአፋቸው ይቅር አሉህ!»

«ይቅር ማለታቸው ነው የገደለኝ» አላት። «እማ፣ ግንባር ላይ የተኮስኩት ማንን እንዳገኘ አላውቅም። ጨለማ ነው፣ ጭስ ነው፣ እግዜር ይወቀው። የእሳቸውን ግን አውቃለሁ። ዳባት በሄድኩ ቁጥር ሰው ሲመራቸው እያየሁ ልኑር?»

በጥቅምት፣ ወደ ዛሪማ ቆላ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈረ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲጀምር ጥሩምባው እስከ ቤታችን ተሰማ። እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አላለቀስኩም፤ እጁን ሊያመጣ የሄደ መስሎኝ ነበር።

አባቴ በኅዳር ለማንም ሳይናገር ሌላ ማቆሚያ ጀመረ። አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ ከሥሩ በጠፍር የታሰሩ ሦስት እግሮች፤ በላዩ ሰሌዳ፤ ግራና ቀኙ ላይ ሰው ከጎን እንዳይጠጋ የሚከለክሉ ሳንቃዎች። ከፈይ የለ፣ ዘርፍ የለ። ከትምህርት ቤት በር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። «አስቀያሚ ይሁን» አለኝ። «ከሩቅ ያየ ሁሉ ይሽሸው።» አባቴ አስቀያሚ ነገር ለመሥራት ሲደክም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እጁ እምቢ እያለው ጠርዙን ያለሰልስና መልሶ በመሮ ያበላሸዋል። በአንድ እጅ ይዘረጋል። ቀኙን ቀበቶው ውስጥ ወትፎ ደጋግሞ ሞክሮታል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ እኔን እንኳ ይታዘዘኛል።

ሲያልቅ አባ ኪሮስ ዘንድ ሄዶ ለመናቸው። «ሽማግሌዎቹ ይዩልኝ። ያኛውን አይመስልም። ከፈቀዱ ሰው ልኬ አስጠራዋለሁ፤ ሥራ አለህ ካልኩት ይመጣል።» አባ ኪሮስ «ጾሙ ይፈታና እንቀመጥበታለን» አሉት። እማዬ የሙሌን ጋቢ... የለም፣ ጋቢውን ይዞት ሄዷል፤ አልጋውን ነበር ያነጠፈችለት። እኔ ደግሞ ላባዎቹን በአዲስ ክር አሰርኳቸው።

ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ማለዳ ውሃ ልደፋ ስወጣ በጉሙ ውስጥ ሰዎች ወደ ቤታችን ሲመጡ አየሁ። አባ ኪሮስ ከፊት ናቸው። እነዚያው ሽማግሌዎች፣ እነዚያው ጋቢዎች። ከኋላቸው ሴቶችም አሉ። ልቤ ዘለለ! ጾሙ ሳይፈታ መጡልን፤ ቸኮሉልን! ማንንም ሳልጠራ ተመልሼ ገባሁ፣ ማቆሚያውን በጀርባዬ አዘልኩና እግሩን እየጎተትኩ ግቢው መሐል አወጣሁት። እግሩን ረግጬ ሳብኩት። ቆመ። አንዱን ላባ ሰሌዳው መሐል ሰካሁበትና ዘወር አልኩ።

«አባ፣ እዩት! አትሮንስ አይመስልም አይደል? ከፈይም የለውም! ጋሼ በአንድ እጁ ይዘረጋዋል!»

አንዱ ሽማግሌ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አባ ኪሮስ ተጠግተው እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«አይመስልም ልጄ» አሉኝ። «ደኅና አድርጎ ሠርቶታል።»

እማዬ ብቅ አለች። ያኔ ነው ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየሁት፤ እሷ አስቀድማ አይታዋለች። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር እኔ አላውቅም ነበር። ጩኸቷን አልናገረውም። ወባ ነው አሉ፤ ቆላ ከወረደ ወር ሳይሞላው ነው አሉ።

አባቴ ከበሩ ወጥቶ ግቢው መሐል ያለውን ማቆሚያ አየ፣ እኔን አየ። ቀስ ብሎ መጣ። ላባውን ነቀለና ኪሱ ከተተ። ሦስቱን እግሮች አጠፈ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ለቀስተኛው የሚቀመጥበትን ቦታ ለቀቀ። ከዚያ ወደ አባ ኪሮስ ዞረ። እንዴት ሞተ አላለም፤ መቼ ሞተም አላለም። በከተማው ሰው ሲሞት የሬሳ ሣጥን የሚሠራው እሱ ነበርና የጠየቀው ሌላ ነው።

«በምን ቀበሩት?»

«በጋቢው» አሉት አባ ኪሮስ። «ሣጥን የሚሠራለት አልነበረም።»